ጆሮሽ ይታይ

እህቴ ሉባባ ከጂዳ ስትመጣ
ከብርድ ልብሱ ጥቅል አንድ ካሜራ ወጣ፤
ማንገቻው የላላ፣ ጠርዙ የተላጠ፣
በሁለት ወር ደመወዝ ምትክ የተሰጠ።
የሜኑው ቋንቋ ዐረብኛ ነበር፤
እኔም ቁርአን ቤት ፊደሉን ቆጥሬ
ትርጉሙ ነው የቀረኝ በአጥር።
ማታ ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤
አንዱን ስነካ ጨለመ፣ ሌላውን ስነካ ነጣ፣
እየሳትኩ፣ እየደመሰስኩ፣
እንዲያ ነው የለመድኩት።

የቀረውን ያስተማረኝ ጉም ነው፤
ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲያከስማት፣
የአንድ ባጃጅ መብራት ብቻ ሲቀራት፣
ትንሽ ብርሃን ስንት እንደሚያወጣ ያኔ ገባኝ።

እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ፣ ሸዋ በር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፦
"ቀና በል። አትሳቅ።
ፀጉርሽን ሰብሰብ አድርጊው፣ ጆሮሽ ይታይ።"
ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣
ሉባባ የተመለሰችበትን መንገድ ለሚጀምሩ ልጆች፣
አራት ፍሬ በሰማንያ ብር።
ስንት ጆሮ አየሁ!
ምን ትሰማለህ ብዬ ግን አንዱንም ጠይቄው አላውቅ ነበር።

አንድ ምሽት መብራት ሄደ፤ ሰፈሩ ዓይኑን ጨፈነ።
ከማዶ ጠጅ ቤት ማሲንቆ ብቻ ነቅቷል።
በጓሮ በኩል ገባሁ፣ እናቴ እንዳትሰማ፤
አራጋው ጥግ ይዞ፣ በአንድ ሻማ፣
ባቲን ይገዘግዛል።
ግንባሩ ላይ ላቡ ሲያበራ ልቤ ተነሣ፤
ተኮስኩ። ፍላሹ ቤቱን አነጣ፣
የተጨፈነው ዓይን ፈጠጠ፣ ደጋኑ ከጭራው ወጣ።
ሳቀ። ቃኘ። ወደ እኔ ዞረና፦

"ዝናብ የሌለበት መብረቅ ከቤት ገባ፤
ዓይኑን ይዞ መጥቶ፣ ጆሮው መቼ ገባ!"

ቤቱ በሳቅ ተናደ።
ደግነቱ፣ እፍረቴን ያየ የለም፤
ፍላሽ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ ፍላሹን በቁስል ፕላስተር ለጠፍኩት።
ክረምቱን ሙሉ ካሜራውን አንገቴ ላይ ሰቅዬ
አንድም ሳልተኩስ ሰማሁ፤
አምባሰል የት ላይ እንደሚሰበር፣
አራጋው ከግጥሙ በፊት በአፍንጫው እንደሚስብ አየር፣
እንጉዳይ ድምፁን ልታወጣው ስትል
ተረከዟ ቀድሞ ከመሬት እንደሚነቀል።
ሜኑው ላይ አንድ የማላውቀው ቃል ነበር፤
"ትዕግሥት ማለት ነው?" አልኳት ሉባባን።
"ሰዓት ቆጣሪ ነው፣ አንተ ቂል" አለችኝ።
እኔ እስከ ዛሬ ትዕግሥት ነው የምለው።

ከዚያ ኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ክበብ፣ የዓውደ ዓመት ዋዜማ።
ሐረጎን በሚኒባስ ቁልቁል ተንከባልዬ ስደርስ
የደሴ ብርድ ያደረበት ሌንስ
የቆላውን ሙቀት አይቶ አላበው፤
በሸሚዜ ጫፍ ብጠርገው፣ ብጠርገው፣
የመጀመሪያው ዘፈን አመለጠኝ።
ሁለተኛውም።
መድረኩ ላይ አንድ ቀይ አምፖል፤
ድምፅ ማጉያው ሲመታ ጣቴ አብሮ ይመታል።
ሦስተኛው ላይ የእንጉዳይ ተረከዝ ተነቀለ፤
ትንፋሼን ያዝኩ፣ ጣቴን ለቀቅኩ።

በሳምንቱ ይዤላት ሄድኩ።
እጇ ተንቀሳቅሶ እንደ ጭስ ሆኗል፣
ፊቷ ከቀዩ ጋር ተቀላቅሏል።
"ምነው፣ እኔስ የለሁበት!
ድምፄስ? ድምፄ የት አለበት?"
ዝም ብዬ በጣቴ ወደ ጠርዙ አሳየኋት፤
የክበቡ ዘበኛ፣ ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ፣
ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣
አንገቱን ወደ መድረኩ እንደ ቅጠል አዘንብሎ፤
ከጨለማው ውስጥ የጠራ እሱ ብቻ፣
ከእሱም ጆሮው።

አየችው። ደግማ አየችው።
ወንበር ስባ ተቀመጠች።
"በል" አለችኝ ቆይታ፣
"ይቺን ለመታወቂያዬ አጥበህ ስጠኝ።"